ላብ የማያልበው ሙሽራ

ወር በገባ በ27 የቦሌ መድኃኔዓለም ግቢ በነጠላ ይሞላል። ጧፍ ይዞ ከሚሳለመው ሕዝብ መካከል ስለ ትዳር የምትማጠን ልጅ አትጠፋም። ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ሲፈርስባት ከዘመድ የምትሰማው ምክንያት የታወቀ ነው፦ «ዓይነ ጥላ ይዟታል፤ የማይታይ ባል አላት።» መድኃኒቱም ጠበል ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ኤድና ሞል አጠገብ ካፌ ስትቀመጥ ግን ያቺው ልጅ ስልኳ ላይ የህንድ ድራማ ትከፍታለች። እዚያ ደግሞ ሲያሻት ሴት፣ ሲያሻት እባብ የምትሆን ሙሽራ ሰው አግብታ ትኖራለች፤ ልጅቷም «በተሳካላት» ብላ ታያለች። ሰው ካልሆነ ፍጡር ጋር መጋባት አንዱ ጋ በሽታ፣ ሌላው ጋ ፍቅር የሆነው ለምንድን ነው?

«ሃይማኖት ነዋ» ማለት ይቀላል። እኔን ግን አያጠግበኝም። ህንዶቹም ይፈራሉ፤ በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣው «ናጊና» ፊልም ስሪዴቪ የተጫወተቻትን የእባብ ሙሽራ ሊያጠምድ የሚመጣ አስማተኛ አለ። ልዩነቱ ተመልካቹ ከማን ወገን እንደሚቆም ነው። ህንዱ ለእባቢቱ ይሳሳል። የእኛ ተረት ዘንዶ አርዌ ግን ልጃገረድ የሚገበርለት ንጉሥ ነበር፤ ሲገደል ያዘነለት የለም።

መልሱን የማገኘው፣ እንደ ዓይነ ጥላ ሁሉ ሰው ይይዛል የሚባለው መንፈስ የዛር አመጣጥ ከሚነገርበት ተረት ነው። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት ይባላል። እግዚአብሔር ሊያያቸው ሲመጣ ያማሩትን 15ቱን ከዓይን ፈርታ ሸሸገቻቸው፤ እሱም «የተሸሸጉት ተሸሽገው ይቅሩ» አለ። ዛሮች እነዚያ 15ቱ ናቸው፤ እኛ ደግሞ የ15ቱ መልከ ጥፉዎች ዘር። (ከዚህ የበለጠ ራስን ዝቅ የሚያደርግ የፍጥረት ታሪክ አላውቅም።) እንግዲህ በተረቱ መሠረት ዛር ባዳ አይደለም፤ ወንድም ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ በሚያጋባ አገር፣ ከተሸሸገ ወንድም ጋር ሰርግ ምኑ ይታሰባል? የህንዱ እባብ ግን ባሕርዩም አገሩም ሌላ ነው። ባዳ ስለሆነ ይታጫል።

«እኛስ ሁላችን የሔዋን ልጆች አይደለንም ወይ? እንዴት ተጋባን?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። የተጋባነው በመካከላችን ብዙ ሰው ስለሞተ ነው። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያሉ ሲያልፉ ዝምድናው ይሳሳል፣ ቆጣሪውም ይጠፋል፤ የአንድ እናት ዘር እርስ በርሱ ባዳ ይሆናል። ዛር አይሞትም ካልን ግን ዛሬም የሔዋን ልጅ እንደሆነ ነው፤ ሺህ ዓመት ቢያልፍም አጎትነቱን አይለቅም። ባዳ ያደረገን ሞት ነው፤ ፍቅርንም ያስቻለን እሱው።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው የህንዶቹ የጥንት ግጥም የማሃባራታዋ ዳማያንቲ ትመስለኛለች። ባሏን ራሷ በምትመርጥበት ጉባኤ ላይ የምትወደውን ናላን ስትፈልግ አምስት ናላዎች ተደርድረው አገኘች። አራቱ መልኩን የለበሱ አማልክት ነበሩ፤ አንዱ ራሱ የሞት አምላክ ያማ ነው። ምልክት እንዲሰጧት ለመነች፤ ያን ጊዜ ለየቻቸው። አማልክቱ ላብ የላቸውም፤ ዓይናቸው አይርገበገብም፤ የአበባ ጉንጉናቸው አይጠወልግም፤ እግራቸው መሬት አይነካም። ናላ ግን አልቦታል፣ አቧራ ለብሷል፣ አበባው ጠውልጓል፣ ጥላው መሬት ላይ ወድቋል። ጉንጉኗን ያጠለቀችው ለእሱ ነው። ሲያልበው እያየች፣ ሊሞት እንደሚችል እያወቀች መረጠችው። ሌሎቹ ያለ እሷም ምንም አይጎድልባቸው ነበር።

ዛሬ ከዚሁ የህንድ ተረት የሚቀዱ የምናብ ፍቅር ልቦለዶች አንዳንዶቹ ተቃራኒውን መንገድ ይይዛሉ። በደራሲዋ ሮሻኒ ቾክሺ የ2016 እ.ኤ.አ. ልቦለድ ጀግናዋ የምታገባው የሙታንን ጌታ ነው። ደፋር ሐሳብ ነው፤ እኔ ግን ከዳማያንቲ ጋር ነኝ። የማይሞት አፍቃሪ ምን ያጣል? ምንም የማያጣ ሰውስ እወድሻለሁ ቢል ቃሉ ምን ይመዝናል?

ዓይነ ጥላ አለባት የተባለችውን ልጅ የሚያስጨንቃትም፣ እንደኔ፣ መንፈሱ ብቻ አይደለም፤ ሳትጠየቅ ተመርጣለች መባሏ ነው። ዳማያንቲ አማልክት ፊት ቆማ እንኳ የመምረጥ መብት ነበራት። እዚህ ግን ስለ ትዳሯ ዘመድ ይናገራል፣ መንፈሱ ይናገራል፤ እሷን የሚጠይቃት የለም።

በአማርኛ የምናብ ፍቅር መጻፍ ለምትፈልጉ ወጣቶች አንድ ነገር ልበል። የህንዱን እባብ ለህንዶቹ ተዉላቸው። ሔዋን ከሸሸገቻቸው ከ15ቱ አንዱ ሟች ለመሆን፣ ባዳ ለመሆን፣ ላብ ለማላብ ሲል ውበቱን ጥሎ ቢወጣ ምን ይሆናል? እሱን ጻፉት፤ ልጅቷም እምቢ ማለት የምትችል ትሁን።