ያልታየውን «አልታየም» ብሎ መጻፍ

ሌሊት ብቻውን ሆኖ፣ ተቆጣጣሪም ምስክርም በሌለበት፣ ያየውን የሚመዘግብን ሰው ከእውነት ጋር የሚያስተሳስረው ምንድን ነው? ጥያቄው የሥነ ምግባር ፍልስፍና ጥያቄ ነው፤ በተለዋዋጭ ከዋክብት ጥናት ዘንድ ግን የየሌሊቱ የሥራ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ተለዋዋጭ ኮከብ የሚባለው ብርሃኑ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከፍና ዝቅ የሚል ኮከብ ነው። ዳቪድ ፋብሪሲየስ እ.ኤ.አ. በ1596፣ ቴሌስኮፕ ለሰማይ ጥናት ገና ሳይውል፣ ዛሬ ሚራ የምትባለው ኮከብ ደምቃ ቆይታ ከዓይን ስትሰወር ተመለከተ። በ11 ወር ገደማ ተመልሳ እንደምትደምቅ እስኪታወቅ ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1783 ደግሞ መስማት የተሳነው የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት ጆን ጉድሪክ፣ አልጎል የተባለችው ኮከብ 3 ቀን በማይሞላ ጊዜ እየተመላለሰች እንደምትደበዝዝ አስታወቀ፤ ዛሬ በተረጋገጠው ልክ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ማለት ነው። ምናልባት የጨለመ አካል በፊቷ እያለፈ ይጋርዳት ይሆናል ሲል ገመተ። ግምቱ የተረጋገጠው ከ100 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። ጉድሪክ ግን በ21 ዓመቱ ሞቶ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ተመልካቹ ኮከቧን ድምቀታቸው ከሚታወቅ ጎረቤቶቿ ጋር ያነጻጽራል፤ ከዚህኛው ትደበዝዛለች፣ ከዚያኛው ትደምቃለች ብሎ ቁጥር ይሰጣታል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋል። ይሁንና ጓደኛው ያገኘውን ቁጥር አስቀድሞ ያወቀ ሰው፣ ዓይኑ ሳይታወቀው ወደዚያው ያዘነብላል። ይህ ሰው አልዋሸም፤ ሆኖም ያየውን ሳይሆን የሚጠበቀውን ጽፏል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተመልካች የሌላውን ግምት ከማየቱ በፊት የራሱን ያሰፍራል። ኮከቧ ብትታጣም ገጹን ባዶ አይተውም፤ እስከዚህ ድምቀት ያሉት ታይተዋል፣ እርሷ ግን አልታየችም ብሎ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ1911 የተቋቋመው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ኮከብ ተመልካቾች ማኅበር ይህንን «አልታየችም» እንደ ማንኛውም ምልከታ ይቀበለዋል። አለቃን ለማስደሰት የተሞላ የሥራ ሪፖርት ያነበበ ሁሉ የዚህን ቃል ክብደት ለመረዳት አይቸገርም።

ዛሬ ሰማዩን በራሳቸው የሚቃኙ መሣሪያዎች ስላሉ የሰው ታማኝነት አያሻም የሚል ይኖር ይሆናል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። መሣሪያው ይለካል፤ የትኛው ልኬት ተይዞ የትኛው እንደሚጣል የሚወስነው ግን ሰው ነው።

ማን እንዳየ መጻፍም የመዝገቡ አካል ነው። ሄንሪየታ ሌቪት በሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ የፎቶግራፍ መስታወት እየመረመረች፣ እ.ኤ.አ. በ1908 በማጀላን ደመናዎች ውስጥ የሚገኙ 1777 ተለዋዋጭ ከዋክብትን አሳወቀች። እ.ኤ.አ. በ1912 ደግሞ 25 ከዋክብትን አነጻጽራ፣ ኮከቡ በደመቀ ቁጥር የመለዋወጫው ጊዜ እንደሚረዝም አሳየች። ይህ የሰማይ ርቀት መለኪያ ሆነ። ጽሑፉ የወጣው በኃላፊው በኤድዋርድ ፒከሪንግ ፊርማ ነው፤ እርሷ ያዘጋጀችው መሆኑ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተገልጿል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለእንዲህ ያለ ሥራ ያንሳል፤ ባትኖር ግን የበለጠ በደል ይሆን ነበር።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ፣ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ከግርጌው ግን የአዲስ አበባ መብራት አለ። በጋምቤላ፣ በኑዌር ዞን፣ ለደቡብ ሱዳን ድንበር ቅርብ የሆነችው ማታር እንዲህ ያለ መሣሪያ የላትም፤ ያላት ተራራ የማይጋርደው ሜዳና የትልቅ ከተማ መብራት ያላደበዘዘው ሰማይ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ አልጎል በሰሜን፣ ሌቪት ያጠናቻቸው ደመናዎች በደቡብ አድማስ አጠገብ ይወጡላታል። ሚራን በደበዘዘችበት ወቅት ለመከተል ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል፤ ለአልጎል ግን ዓይን፣ ሰዓትና ደብተር ይበቃሉ። አንድ የማታር መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ምሽቶች ይህን ቢጀምር፣ እያንዳንዱ ልጅ የጎኑን ደብተር ሳያይ የራሱን ቁጥር ይጽፋል፤ ቁጥሮቹ ባይስማሙም እንዳሉ ይቀመጣሉ። ክረምቱ ገብቶ ባሮ ሲሞላ ደግሞ በደብተሩ ላይ የሚሰፍረው፣ ከቀኑና ከሰዓቱ አጠገብ፣ «ደመና» የሚል አንድ ቃል ይሆናል።