ስለ ነገው በረዶ የሚናገር ሰው

በባሕረ ሐሳብ የሠለጠነ ሊቅ ከዛሬ አንድ ሺሕ ዓመት በኋላ የሚመጣው ፋሲካ በየትኛው ወርና በስንተኛው ቀን እንደሚውል ቢጠየቅ፣ ወንበሩን ለይቶ፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን አውጥቶ፣ ያለ አንዳች ጥርጥር ይመልሳል። ያንኑ ሊቅ ነገ ከቀትር በኋላ ዝናብ ይጥል እንደሆነ ቢጠይቁት ግን ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ «እግዜር ያውቃል» ከማለት የበለጠ አይናገርም። እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ የታየው የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት እስከ ደቂቃው ድረስ ተሰልቶ የታወቀ ነበረ። ዳሩ ግን በዚያ ጧት ደመና ሰማዩን ይሸፍነው አይሸፍነው እንደሆነ ከሁለት ሳምንት በፊት አረጋግጦ ሊናገር የሚችል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

ሁለቱም በአንድ ሰማይ ላይ የሚሆኑ ነገሮች ሲሆኑ፣ ስለምን አንደኛው እንደ ጽሑፍ የሚነበብ፣ ሁለተኛው ሊቃውንትን የሚያስጨንቅ ሆነ? ይህን ጥያቄ ተከትሎ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይህንንም ጽሑፍ ያነሣሣን እርሱ ነው። በርግጥ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ለሕዝብ እንዲናገር ሥራው የሆነ ሰው፣ የተናገረው ሳይሆን ቢቀር ሐሰተኛ ይባላልን? ዕዳውስ እስከ ምን ድረስ ነው?

ለምሳሌ የምንወስደው የበረዶን ትንበያ ነው። በረዶ የሚለው ቃላችን ከነጐድጓድ ጋር እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ በቀዝቃዛ አገር እንደ ተነደፈ ጥጥ እየተበተነ ምድርን የሚያለብሰውንም ይጠራል፤ እዚህ የምንናገረው ስለ ሁለተኛው ነው። ነገሩ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስ ላይ ገልብጦ ያቈየልን የንጉሥ ጽሑፍ፣ በስሜን ተራሮች ሰው እስከ ጕልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንደነበረ ይመሰክራል። ዛሬም በዋሽንግተን፣ በሚኔሶታና በቶሮንቶ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ማልደው ለሥራ የሚወጡበትንና ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚልኩበትን ሰዓት በዚሁ ትንበያ ይወስናሉ። ክረምት ስንልም የኛን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ማለታችን እንዳይደለ፣ በሰሜኑ ዓለም ከኅዳር ጀምሮ የሚገባውን የብርድ ወራት እንደሆነ አንባቢ ያስታውስልን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በረዶ በረዶ ሆኖ መሬት ላይ እንዲደርስ፣ ከደመናው እስከ ምድር ያለው አየር በሙሉ ወይም ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከዜሮ ዲግሪ በታች መሆን አለበት። በመካከሉ ጥቂት መቶ ሜትር ውፍረት ያለው ለብ ያለ አየር ሾልኮ የገባ እንደሆነ፣ ነጩ ብናኝ ይቀልጥና ዝናብ ይሆናል። ያ ዝናብ ከመሬት አጠገብ እንደገና ብርድ ቢያገኘው፣ ወይ ጠጠር ሆኖ ይወርዳል፣ ወይም መንገዱን እንደ መስተዋት ያለብሰዋል። በአንድ ዲግሪ ልዩነት ሦስት ዓይነት ዕጣ የሚወጣበት ነገር ነው። ከዚህም በላይ አንድ ሳንቲ ሜትር የዝናብ ውሃ ወደ በረዶ ቢለወጥ በመካከለኛ ግምት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ይቆለላል፤ ርጥብና ከባድ ከሆነ አምስት፣ ደረቅና ቀላል ከሆነ ሃያ ሊደርስ ይችላል። በዝናብ ላይ የአንድ ሳንቲ ሜትር ስሕተት ማንም አያስተውለውም፤ ያው ስሕተት በበረዶ ሲሆን ከተማ ይዘጋል።

የክረምቱ መግቢያ ደግሞ ከመካከሉ ይብሳል። አየሩ ሲበርድ ባሕሩና ሐይቁ ገና የበጋውን ሙቀት እንደያዙ ናቸው። በኖቬምበር 2014 ከሰሜን የመጣ ብርቱ ብርድ በኤሪ ሐይቅ ላይ አልፎ፣ ሙቀትና እርጥበት እየጠጣ በቡፋሎ ከተማ ላይ በወረደ ጊዜ፣ በደቡብ ያሉት ሰፈሮች ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ በረዶ ሲቆለልባቸው፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን የሚኖሩት ግን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ አዩ። በአንዲት ከተማ ውስጥ አንዱ ጣራው እንዳይወድቅ ሲሠጋ፣ ሌላው በመስኮቱ ነጭ ግድግዳ የመሰለውን ደመና ከሩቅ ይመለከት ነበር። ለእነዚህ ለሁለቱ ሰዎች አንድ ቃል የሚናገር ሰው ምን ብሎ ይናገር?

መሣሪያ ሲሻሻል ችግሩ ይጠፋል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። በእውነትም ብዙ ተሻሽሏል፤ ባለፉት ዐሥርታት ትንበያው አስቀድሞ የሚያይበት ዘመን በየአሥር ዓመቱ አንድ ቀን ያህል እየረዘመ መጥቷል። ነገር ግን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያስተምር የነበረው ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1961 ያገኘው ነገር ለዚህ ተስፋ ልክ አበጀለት። የአየርን አካሄድ በኮምፒዩተር ሲያሰላ፣ 0.506127 የነበረውን ቍጥር አሳጥሮ 0.506 ብሎ ቢያስገባ፣ ውጤቱ መጀመሪያ ከቀድሞው ጋር አብሮ ሄዶ፣ ቈይቶ ግን ፈጽሞ ሌላ ሆነ። በ1963 ባሳተመው ጽሑፍም ይህ የስሌቱ ጠባይ መሆኑን ገለጸ። የጨረቃና የፀሐይ ስሌት ትንሿን ስሕተት ትንሽ አድርጎ ያቈያታል፤ የአየር ስሌት ግን ያሳድጋታል። እንግዲህ በጥርጥር መናገር ለዚህ ሙያ ከተፈጥሮው የመጣ ነው፤ የባለሙያው ስንፍና አያመጣውም።

አሁን ወደ ዕዳው እንመለስ። በኖቬምበር 15 ቀን 2018 በኒው ዮርክ ብዙ ሰው ሰምቶት የነበረው ትንበያ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል በረዶ ጥሎ ወደ ዝናብ ይለወጣል የሚል ነበር። በሴንትራል ፓርክ የተለካው 16 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ዛፎቹ ገና ቅጠላቸውን አራግፈው ስላልጨረሱ፣ ርጥቡ በረዶ ቅርንጫፋቸውን እየገነጠለ በመንገድ ላይ ጣለው። ከትምህርት ቤት የወጡ ሕፃናትም በአውቶቡስ ውስጥ ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዶቹም እስከ ሌሊት ድረስ ተይዘው ቀሩ። የእነዚያ ሕፃናት እናቶች የተሰማቸውን ለመናገር አንደፍርም። ቢሆንም በዚህ ታሪክ ውስጥ ሐሰተኛ የሚባል ሰው አላገኘንም፤ ትንበያ ሰጪዎቹ የመሰላቸውን ተናገሩ፣ ሰማዩ ሌላ ሆነ።

ከዚያ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በማርች 2017፣ በዚያችው ከተማ የሆነው ግን ሌላ መልክ አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ጠባይ አገልግሎት ለኒው ዮርክ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር በረዶ ይጠበቃል ብሎ አስታወቀ። በረዶው ሊጥል ሰዓታት ሲቀሩት፣ ለብ ያለ አየር ከባሕሩ እንደሚገባና ነገሩ ከዚያ እጅግ ሊያንስ እንደሚችል የሚያመለክት ማስረጃ በባለሙያዎቹ እጅ ነበረ። እነርሱ ግን ተማክረው ከፍተኛውን ቍጥር እንዳለ ተዉት። ምክንያታቸውንም ኋላ ራሳቸው ተናገሩ፤ ማስጠንቀቂያውን ቢያለዝቡት ሕዝቡ ግራ ይጋባል፣ መጠንቀቁንም ይተዋል ብለው ነው። በመሀል አገር እንደተባለው ከባድ በረዶ ጣለ፤ በሴንትራል ፓርክ ግን 19 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆነ።

ምክንያታቸው የክፉ ሰው ምክንያት አይደለም። ሰው እንዳይሞት አስበው ነው። ልጁን ከገደል ለማራቅ «እዚያ ጅብ አለ» የሚል አባትም እንደዚሁ ነው፤ ማንም ሐሰተኛ ብሎ አይሰድበውም። ሆኖም አገር በሙሉ ልጅ አይደለም፤ የሚሰሙትም ከንቲባዎች፣ የሆስፒታል ኀላፊዎች፣ የትምህርት ቤት ሹማምንት፣ የዕለት እንጀራቸውን በዕለት የሚያገኙ ሠራተኞች ናቸው። እኛ እንደሚመስለን እነዚያ ባለሙያዎች ያልተሰጣቸውን ሥልጣን ወሰዱ። ዕድል ረድቷቸው በማግሥቱ 60 ሳንቲ ሜትር ጥሎ ቢሆን እንኳ ይህ ፍርዳችን አይለወጥም ነበር፤ የሚነቀፈው ቍጥሩ ሳይሰምር መቅረቱ አይደለምና። ባለሙያው በልቡ የያዘው ግምትና በአፉ የተናገረው ግምት ሁለት ሆነው ተለያዩ።

ይህ መለያየት ስለምን እንደሚጎዳ በአገራችን ምሳሌ እንየው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ጸጥ ባለበት ሌሊት፣ ምድር የቀን ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቅቃለች፤ ሊነጋጋ ሲል ውርጭ ይወርዳል። ሁለት ጎረቤታሞች ገበሬዎችን እናስብ። የአንደኛው ገብስ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል፤ ዛሬውኑ ቢያጭደው የሚጎድልበት ከመቶ አሥር እጅ ነው። የሁለተኛው ገና እሸት ነው፤ ቢያጭደው ከመቶ ስድሳ እጅ ያጣል። ውርጩ ቢወርድ ሁለቱም ያላቸውን ሁሉ ያጣሉ እንበል። የውርጭ መውረድ ዕድሉ ከመቶ ሠላሳ ነው ተብሎ በእውነት የተነገራቸው እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ማጨድ፣ ሁለተኛው መጠበቅ ይሻለዋል። ሁለቱም አንዱን ቃል ሰምተው ተቃራኒ ነገር ሠሩ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ባለሙያው አዝኖላቸው «ውርጭ ይወርዳል፣ እጨዱ» ቢል ግን ሁለተኛውን ደሀ ያደርገዋል፤ እንዳይደነግጡ ብሎ «አይወርድም» ቢል የመጀመሪያውን። ጥርጥሩን ሳይቀንስ ሳይጨምር ቢያስረክባቸው ኖሮ ግን፣ እያንዳንዱ የገዛ ማሳውን አይቶ ይወስን ነበር። የማሳውን ነገር ከባለማሳው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ግሌን ብራየር የተባለ አሜሪካዊ በ1950 ያወጣው የትንበያ መመዘኛ በዚህ ረገድ የሚደነቅ ነው። ትንበያ ሰጪው በዚህ ሚዛን የተሻለ ውጤት እንዲጠብቅ ከፈለገ፣ የሚያዋጣው በልቡ ያመነውን ዕድል እንዳለ መናገር ነው፤ ሲያጋንንም ሲያሳንስም ውጤቱን ያበላሻል። ገበያ ግን በሌላ ሚዛን ይመዝናል። አንዳንድ የአሜሪካ የንግድ ትንበያ አቅራቢዎች፣ የዝናብ ዕድል ከመቶ አምስት ሲሆን ከመቶ ሃያ እያሉ ይናገሩ እንደነበር ታውቋል። ዝናብ ይመጣል ተብሎ ቢቀር ሰው ደስ ይለዋል፤ አይመጣም ተብሎ ቢመጣ ግን ይቈጣል። ስለዚህ በሕዝቡ ቍጣ ልክ ቍጥሩን ቀየሩት።

በመሥሪያ ቤት የሚውል አንባቢ ይህን ሲያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሪፖርት በየደረጃው ምን እንደሚደርስበት ሁላችን እናውቃለን። የመስኩ ሠራተኛ «ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፣ ነገር ግን» ብሎ የጻፈው፣ በክፍሉ ሹም ዘንድ «ይሆናል» ይባላል፤ በመምሪያው ዘንድ «ሆኗል ማለት ይቻላል» ይሆናል። «ነገር ግን» የሚለው ቃል በየጠረጴዛው ላይ እየተራገፈ ይቀራል። ጥፋቱም የጸሐፊዎቹ ብቻ ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም፤ «ማብራሪያውን ተወውና በአንድ ቃል ንገረኝ፣ ይሆናል ወይስ አይሆንም?» ብሎ የሚጠይቅ አለቃ፣ ሐሰትን በማዘዣ እንደሚያወጣ ይቈጠራል። መምህርም እንዲሁ ነው፤ «አላውቅም፣ ግን ይመስለኛል» ያለውን ተማሪ ያላጠና አድርጎ ከቈጠረው፣ ልጁ በማግሥቱ የማያውቀውን በድፍረት መናገር ይለምዳል።

ቋንቋችንም በዚህ ነገር ላይ ሳያውቀው ጥቂት ሸክም ጨምሯል። ትንበያ የሚለው ቃል ተነበየ ከሚለው ግስ የወጣ ነውና ከትንቢት ጋር ወንድማማች ነው። ነቢይ ሲናገር ቃሉ ሳይፈጸም ቢቀር ሐሰተኛ ነቢይ ይባላል፤ መካከለኛ ስም የለውም። ስለ ነገ ዝናብ የሚናገረውን ሰው የነቢይ ስም ካለበስነው በኋላ በነቢይ ሕግ እንፈርድበታለን። ቃሉ ከለመደ በኋላ ይለወጥ አንልም፤ በሰማነው ቍጥር ዝምድናውን ማስታወስ ይበቃል።

በእንግሊዝ አገር ይህን ሥራ የጀመረው ሰው ይህንኑ ሠግቶ ነበር። ሮበርት ፊትዝሮይ ይባላል፤ ዳርዊንን ይዛ ዓለምን የዞረችው የቢግል መርከብ አዛዥ የነበረው ነው። በ1854 የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ኀላፊ ሆነ። በ1859 ሮያል ቻርተር የተባለችው መርከብ በማዕበል ተሰብራ ከአራት መቶ በላይ ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ ለወደቦች የማዕበል ምልክት የሚሰጥበትን ሥርዓት አቋቋመ፤ በ1861ም የዕለት ትንበያ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። የሚሰጠው ነገር ትንቢት አለመሆኑን አስረድቶ፣ በስሌትና በማገናዘብ የተገኘ አስተያየት ነው ሲል ፎርካስት የሚለውን ቃል መረጠለት። ቃሉ ግን አላዳነውም። ትንበያው ባልሰመረ ቍጥር ጋዜጦች ቀለዱበት፤ ከሊቃውንቱም ብዙዎቹ ሥራውን ከሳይንስ አልቈጠሩለትም። በ1865 በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። በማግሥቱ ዓመት ሥራውን የመረመሩት ሰዎች ትንበያውም የማዕበሉም ምልክት እንዲቀር አደረጉ።

ከዚህ በኋላ የተነሡት በየወደቡ የነበሩት መርከበኞችና ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ እንደሚሳሳት ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር፤ ተሰቅሎ አይተውት ከወደብ ሳይወጡ ውለው፣ ባሕሩ ጸጥ ብሎ የዋለበት ቀን ብዙ ነው። ቢሆንም እንዲመለስላቸው ጮኹ፣ አመለከቱ። በ1867 የማዕበሉ ምልክት በየወደቡ እንደገና ተሰቀለ።