ከምሽግ የተረፈ ወዳጅነት

«ባልንጀራ» የሚለው ቃላችን «ባለ እንጀራ» ከሚለው የመጣ ነው ይባላል፤ ከአንድ መሶብ የሚቆርስ ማለት ነው። ቃሉ ለወታደር ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። ወታደር ከጓደኛው ጋር ከአንድ ኮዳ ይጠጣል፤ በአንድ ምሽግ ያድራል፤ ቁስሉን በገዛ ሸሚዙ ቀዶ ያስርለታል። መሶቡ ሲነሣስ? ጦርነቱ አብቅቶ አንዱ ወደ ጎጃም፣ ሌላው ወደ ሲዳሞ፣ ሦስተኛው ወደ ሐረርጌ ሲበተን፣ እንጀራ መጋራታቸው የቀረ ሰዎች ባልንጀሮች ሆነው የሚኖሩት በምን ምክንያት ነው?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ትጥቁን ፈትቶ ተበትኗል። ማዕረጉ፣ ደመወዙ፣ ክፍሉ፣ «ጓድ» የሚለው መጠሪያ ሳይቀር በአንድ ሰሞን ቀሩ። አብረው የተኮሱ ሰዎች መፈላለግና መጻጻፍ ግን አልቀረም። በአዋጅ ያልመጣ ነገር በአዋጅ አይሄድም።

አሪስቶትል ወዳጅነትን በሦስት ይከፍለዋል፦ ለጥቅም ሲባል የሚገባበት፣ ለደስታ ሲባል የሚገባበት፣ ለሰውየው መልካምነት ሲባል የሚገባበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምክንያታቸው ሲያልቅ አብረው ያልቃሉ። በዚህ ሚዛን ካየነው የምሽግ ጓደኝነት የጥቅም ሊመስል ይችላል፤ አንተ ጀርባዬን ትጠብቃለህ፣ እኔም ያንተን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተው አሜሪካዊው የፍልስፍና መምህር ግሌን ግሬይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ የጦር ጓድነትና ወዳጅነት አንድ አይደሉም ይላል። በጓድነት ውስጥ ሰው ራሱን በጭፍራው ውስጥ ያጠፋል፤ በወዳጅነት ውስጥ ግን ራሱንም ወዳጁንም ይበልጥ ያውቃል። ስለዚህ አደጋው ሲያልፍ ጓድነቱም ይበርዳል ማለት ነው።

ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ግን አንድ ነገር እናስብ። ከሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ቁጥራቸው ከ6 ሺህ በላይ ሲሆን፣ ከ120 በላይ ሞተውባቸዋል። አንድም ምርኮኛ ለጠላት እንዳልሰጡ፣ አስከሬንም ሜዳ ላይ ጥለው እንዳልሄዱ ይነገርላቸዋል። የሞተ ጓደኛ ጀርባ አይጠብቅም። በጥይት መካከል አስከሬን የሚያነሣ ሰው ምን ጥቅም አስቦ ነው? እዚያው ምሽጉ ውስጥ ከጥቅም ያለፈ ነገር ተዘርቶ ነበር ማለት ነው። የዘሩ መብቀል አለመብቀል ግን የሚታወቀው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

የሚታወቀውም በደብዳቤ ነበር። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል እንላለን። አሪስቶትልም ርቀት ወዳጅነትን ባይገድልም የጭውውት መጥፋት ብዙውን ወዳጅነት እንዳፈረሰ ተናግሯል። ደብዳቤ የጠፋው ጭውውት ምትክ ነው። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን በመሆኑ፣ ሣጥን የሌለው የቀድሞ ወታደር በትምህርት ቤት ወይም በዘመድ መሥሪያ ቤት ሣጥን ያስልካል፤ ካልሆነም ለመንገደኛ ያስይዛል። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደኅና ነኝ» ብሎ ይጀምርና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ክፍል ስላለፈው ልጁ ያወራል። ስለ ጦርነቱ ብዙም አይነሣ ይሆናል። ማንበብና መጻፍ በሚገባ የማይችለው ደግሞ ቃሉን ለልጁ ነግሮ ያስጽፋል።

እስቲ እናስተውል፤ ይህ ደብዳቤ ለማን ምን ይጠቅማል? ዕድገት አያስገኝ፣ ብድር አያስመልስ። በምሽጉ ውስጥ ጓደኛውን የመረጠለት አዛዡ ነበር፤ ብዕር ሲያነሣ ግን የሚመርጠው ራሱ ነው። ጓድነት ወዳጅነት የሚሆነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የግሬይ ልዩነት ትክክል ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ወንዝ መሻገር ግን ይቻላል።

ከባዱ ጥያቄ ገና ነው። የወታደር ፍቅር ለወገኑ ብቻ አይደለምን? ከወዲያኛው ምሽግ ያለውስ? ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጫር፣ በቀድሞው ሠራዊት አብረው ያገለገሉ ሰዎች ድንበር ለያያቸው። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ስልክ ዳግም እስኪከፈት ድረስ፣ በሦስተኛ አገር ሰው የሌለው የትናንት ጓደኛውን ደኅንነት የሚጠይቅበት ቀጥተኛ መንገድ አልነበረውም። ያን ጊዜ ከወዲያ ማዶ ላለ ሰው የተጨነቀ ወታደር አገሩን ከዳ? አልከዳም። ጠላት የተባለውን ወገን በፊቱና በስሙ የሚያውቅ ሰው በጅምላ ለመጥላት ይቸገራል፤ ይህ ደግሞ ለአገር የሚጠቅም ችግር ነው።

በሌላ በኩል ደብዳቤው አንድ ቀን «ስለዚያች ሌሊት ለማንም አትናገር» የሚል ቃል ይዞ ቢመጣስ? ያች ሌሊት ያልታጠቀ ሰው የሞተባት ብትሆንስ? ብዙዎች «ሕይወቴን ያተረፈልኝን ሰው እንዴት አሳልፌ እሰጣለሁ?» ይላሉ። አነጋገሩ ልብ ይነካል፤ እኔ ግን አልስማማም። ጓደኛ ለጓደኛው እንጀራውን፣ ጊዜውን፣ ልጆቹን ማሳደግን ሳይቀር ይበደረው ይሆናል። የሟቹ እውነት ግን የእሱ ንብረት አይደለምና ሊያበድረው አይችልም። በዝምታ ብቻ የሚቆም ወዳጅነት የሟቹን ቤተሰብ ዕዳ ከፋይ ያደርጋል። «ተናገር፤ እኔም አብሬህ እቆማለሁ» ብሎ ሊጽፍለት የሚገባው እዚያ የነበረው ጓደኛው ነው፤ ሌላው ቢለው ፍርድ ይሆንበታል፣ ከእሱ ሲመጣ ግን ምክር ነው።

ዛሬ ስልኩ ደብዳቤውን ተክቶታል፤ የሚያሳዝንም አይደለም። አዛውንቶቹ ግን እያለፉ ነው። በየቤቱ ቁምሳጥን ውስጥ የታሰረ የደብዳቤ ጥቅል ያገኘ ልጅ ወረቀቱን ከመጣሉ በፊት የላኪውን አድራሻ ይመልከት። ከዚያ ማዶ መልስ የሚጠብቅ ሽማግሌ ሊኖር ይችላልና፣ አባቱ ማረፉን ሁለት መስመር ጽፎ ይንገረው።