የሰላም መዝገብ የማን አማና ነው?

ጦርነት በሀገራችን ጸሐፊ አጥቶ አያውቅም። የየዘመኑ ነገሥታት ዜና መዋዕል ጸሐፊያቸውን አስከትለው ይዘምቱ ስለነበር የተማረከውም፣ የተገደለውም፣ የተቃጠለውም በብራና ላይ ሰፍሮ ደርሶናል። ያለ ጠመንጃ መብቱን የጠየቀው፣ በተጣሉ ሰዎች መካከል ገብቶ ደም ያደረቀው ሰው ሥራስ የት ተጽፏል? ነገሩ የታሪክ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የአማና ጥያቄ ነው እላለሁ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተካሄደውን የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ እንመልከት። መቶ ሺህ ያህል የሚገመት ሕዝብ፣ ክርስቲያን ወገኖቻችንም ጭምር ተቀላቅለውበት፣ 13 ጥያቄዎችን ለእንዳልካቸው መኮንን መንግሥት አቀረበ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓሎቻችን በብሔራዊ ደረጃ ይከበሩ፣ መሬት የመያዝ መብት ይኑረን፣ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ይቅርና «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚሉት ይገኙበታል። በ1967 ዓ.ም. ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ ሕዝባዊ በዓላት ሆነው ታወጁ። ዛሬ በዒድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ተዘግቶለት ከልጆቹ ጋር የሚውል ሙስሊም ይህ ዕረፍት ከየት እንደመጣ ቢጠየቅ ስንቱ ይመልሳል? በዚያን ዕለት በ20 ዓመቱ የተሰለፈ ወጣት አሁን ሰባውን አልፏል። መፈክሩን በእጁ የጻፈ፣ ጥያቄዎቹን ያረቀቀ፣ ሰልፈኛውን ያስተባበረ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ሊጠየቅ ይገባል። ወረቀት የያዘ ካለም ወረቀቱ ያለው ከአልጋ ሥር ባለ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑን ደግሞ ወራሾች ሲካፈሉ ከአሮጌ ልብስ ጋር ይጥሉታል።

ይበልጥ የሚያሳዝነው የቅርቡ ነው። በ2004 ዓ.ም. በአወሊያ የተጀመረው ንቅናቄ ሦስት ጥያቄዎች ነበሩት፤ የአሕባሽ ሥልጠና ይቁም፣ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዶች ይካሄድ፣ አወሊያ በነጻ ቦርድ ይተዳደር። ሕዝቡ ጁምዓ በጁምዓ ተቃውሞውን በዝምታ፣ በነጭ ወረቀት፣ በቢጫ ካርድ ገለጸ። የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት ግን ታስረው በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሰሱ፤ በ2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት የሚደርስ እስራት ተፈረደባቸው፤ ኋላ ተፈቱ። እስቲ እናስብ። እኛ የራሳችንን ካላሰባሰብን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለዚህ ሰላማዊ እንቅስቃሴ የሚያጠና ሰው በቅደም ተከተል የታሰረ ወረቀት የሚያገኘው በከሳሹ መዝገብ ውስጥ ነው። የልጅ ልጆቻችን ስለ እኛ የሚያነቡት ዐቃቤ ሕግ የጻፈውን ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ የሚመጣውም ከጠላት ሳይሆን ከደጋግ አባቶቻችን ነው። እንደ ዱርቤቴ ባለች የጎጃም ከተማ ሙስሊሙ ቁጥሩ አነስተኛ ነው። ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር በአንድ ገበያ ይሸጣል፣ ይገዛል፤ ለቅሶም አብሮ ይደርሳል። ጠብ ሲነሳ ሼሁም ቄሱም በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያስታርቃሉ። ዕርቁ ካለቀ በኋላ ነገሩን መልሶ ማንሳት ነውር ነው። እንግዲህ «ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ» ያለን ሰው በደሉን በወረቀት አስፍረን ማስቀመጥ ቁስል መነካካት አይሆንም ወይ? የሰውን ነውር መሸፈን በሃይማኖታችን የተወደደ ተግባር አይደለም ወይ? ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ሆኖም በዚያው በጎጃም የደረሰውን እናስታውስ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጂዶች ተቃጠሉ። ቃጠሎው በፎቶግራፍ ተነስቶ በዓለም ዙሪያ ታየ። ለመልሶ ግንባታው ገንዘብ ካዋጡት መካከል ክርስቲያኖች ነበሩበት፤ የእነርሱ ነገር ግን እንደ እሳቱ አልታየም። ሁሉንም ዝም እንበል ብንል እንኳ ዝምታው የሚሸፍነው በደለኛውን ብቻ አይደለም፤ ደግ የሠራውንም አብሮ ይቀብረዋል። እሳቱማ ጻፉልኝ ሳይል ይታወሳል።

በእኔ አመለካከት መውጫውን የምናገኘው በሑደይቢያ ነው። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሾች ጋር ሲዋዋሉ ሱሀይል ኢብን ዐምር «አር-ረሕማን» የሚለውን ስም አልቀበልም አለ፤ «የአላህ መልእክተኛ» የሚለውም ይሰረዝ አለ። ጸሐፊው ዐሊ (ረ.ዐ) ይህን በእጄ አልሰርዝም ሲሉ ነቢዩ ራሳቸው ሰርዘው «ሙሐመድ የዐብዱላህ ልጅ» ተብሎ ተጻፈ። ለሰላም ሲባል እውነት የሆነ ቃል ከውሉ ወጣ። ይሁን እንጂ መሰረዙን እኛ እንዴት አወቅን? በዚያ የነበሩት ሰዎች ስላስተላለፉልን ነው! ውሉ ጠብ የሚያነሳውን ቃል ተወ፤ ትውልዱ ደግሞ የተተወውን ጠበቀ። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርስም። በአል-በቀራህ ምዕራፍ ስለ ዕዳ የወረደው፣ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሆነው አንቀጽ፣ ትንሹንም ትልቁንም ከመጻፍ እንዳንሰለች ያዛል። ለአንድ ቁና እህል ዕዳ ምስክር የሚያስጠራ ሃይማኖት ለአንድ መንደር ሰላም ወረቀት ይበዛበታል ብሎ ማሰብ ይከብደኛል።

አሜሪካኖች ስንት ጦርነት እንደከፈቱ እናውቃለን። ቢሆንም በፊላደልፊያ አቅራቢያ ያለው ስዋርዝሞር ኮሌጅ ጄን አዳምስ የምትባለው የሰላም ታጋይ በ1930 እ.ኤ.አ. የሰጠችውን ወረቀት ይዞ ጀምሮ የጦርነት ተቃዋሚዎችን ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና በራሪ ወረቀት ሲሰበስብ ኖሯል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ መነሻው አንዲት ሴት የራሷን ወረቀት አለመጣሏ ነው። የእኛ እድር መዝገብ አለው፤ የመስጂድ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ አላት። የዕርቁ ቀን፣ የሽማግሌዎቹ ስም፣ የተስማሙበት ነገር በሁለት ቅጂ ቢጻፍና አንዱ በመስጂድ ሌላው በቤተ ክርስቲያን ቢቀመጥ ማን ይጎዳል?

የበዳዩ ስም ግን ታሽጎ ለብቻው ይቀመጥ። እስከ መቼ በሚለው ላይ ሠላሳ ዓመት ይበቃል የሚል ይኖራል። እኔ ወደ ሃምሳው አደላለሁ፤ በትንሽ ከተማ የሰው ልጅ በአባቱ ስም ነውና የሚጠራው፣ ልጁ በአባቱ ጥፋት ገበያ መውጣት እንዳይፈራ።