የነጋዴ ትጋትና የአላህ በረከት

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። እዝነትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

እናንተ ምእመናን ሆይ! ሲሳይ ከአላህ መሆኑን ሁላችንም እናምናለን። ነገር ግን ይህን እምነት ለስንፍናው መሸፈኛ ያደረገ ነጋዴ አለ። ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ሱቁን ይከፍታል፤ ዕቃው አቧራ ሲለብስ እያየ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ «የተጻፈልኝ አይቀርብኝም» ይላል። ልጆቹ ግን ከጎረቤት ደጅ እህል ይበደራሉ። ይህ በአላህ መመካት አይደለም። ነቢያችን ሶለላሁ ዐለይሂ ወሰለም የመመካትን ነገር ሲያስተምሩ ምሳሌ ያደረጉት ጎጆዋ ውስጥ የምትጠብቀውን ጫጩት ሳይሆን፣ በማለዳ ተርባ ወጥታ ማታ ጠግባ የምትመለሰውን ወፍ ነው።

የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን ነገር አስተውሉ። እርሳቸው በጀነት ከተበሠሩት 10 ሶሓቦች አንዱ ናቸው። በሂጅራ ዘመን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ622 ዓ.ም.፣ ከመካ ተሰደው መዲና በገቡ ጊዜ ነቢዩ ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ባለጸጋ ነበሩና የሀብታቸውን እኩሌታ ሊያካፍሏቸው ወደዱ። ዐብዱረሕማን ግን መረቋቸውና የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የገበያው መንገድ ነበር። ወደ በኑ ቀይኑቃዕ ገበያ መሯቸው። በዚያው ቀን ትርፍ የሆነ ጥቂት የደረቀ አይብና ቅቤ ይዘው ተመለሱ። ከዚያም በየማለዳው መውጣትን አላቋረጡም። ብዙም ሳይቆዩ የአንዲት ተምር ዘር የሚመዝን ወርቅ መህር ሰጥተው አገቡ፤ ነቢዩም በአንድ በግ እንኳ ቢሆን ወሊማ እንዲደግሱ አዘዟቸው።

ወንድሞቼ ሆይ! ንግዳቸውን ያሳደገው የመነሻው ገንዘብ ብዛት አልነበረም። አይብና ቅቤን አልናቁም፤ በአንድ ቀን ትርፍም ረክተው አልተቀመጡም። ነቢዩ ለሕዝባቸው በማለዳው በረከት እንዲሰጥ ዱዓ ማድረጋቸውን ያስተላለፉት ሶኽር አል-ጋሚዲም ነጋዴ ነበሩ። ሸቀጣቸውን በማለዳ ይልኩ ስለ ነበር ሀብታቸው በዛ።

ሆኖም ትጋት ልጓም ከሌለው ባለቤቱን ይጥላል። ነቢዩ የጁሙዓ ኹጥባ ቆመው ሲያሰሙ የንግድ ጓዝ መዲና ገባ፤ ብዙዎችም ትተዋቸው ወደ እርሱ ሮጡ። በዚህ ምክንያት በ62ኛው ሱራ፣ በሱረቱል ጁሙዓ፣ ተወቀሱ። ይኸው ሱራ አዛን ሲሰማ ንግድን መተው፣ ሶላት ሲፈጸም ደግሞ በምድር ተበትኖ የአላህን ችሮታ መፈለግ እንደሚገባ ያዛል። ስለዚህ ሱቁን ለሶላት የሚዘጋውም፣ ከሶላት በኋላ ፈጥኖ የሚከፍተውም ጌታውን ታዟል።

ሁለተኛው ልጓም እውነት ነው። ነቢዩ በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ ውስጡ ርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ እንደ መታው ነገራቸው፤ እርሳቸውም ገዥ እንዲያየው ርጥቡን ከላይ ባለማድረጉ ገሠጹት። ሚዛን በማጉደልና ጉድለትን በመሸሸግ የሚያድግ ሱቅ ዕዳው እንጂ ሀብቱ አያድግም።

እንግዲህ ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ መኝታችሁ አትመለሱ። ሱቃችሁን በቢስሚላህ ክፈቱ፤ ሚዛናችሁን አስተካክሉ፤ ገዥን በመልካም ፊት ተቀበሉ፤ ዕዳችሁን በቀኑ ክፈሉ፤ ዘካችሁንም ለባለመብቱ አውጡ።

አላህ ሆይ! ጉልበታችንን ከስንፍና፣ ገንዘባችንን ከሐራም ጠብቅልን፤ በማለዳችንም በረከትን አድርግልን። አሚን።