ጥበብ ርስት ነው ወይስ አደራ?

ደራሲ ቢሞት መጽሐፉ ይቀራል፤ ሠዓሊ ቢያልፍ ሥዕሉ በግድግዳ ላይ ይኖራል። የዳንሰኛ ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። እግሩ በቆመ ጊዜ ሥራውም አብሮት ይቆማል፤ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ በተመልካቹ ትዝታና በዳንሰኛው ገላ ውስጥ ካልሆነ በቀር የትም አይገኝም። ስለዚህ የባሌት ጓዶች አንድን የቆየ ሥራ እንደ ገና ለሕዝብ ለማሳየት በፈለጉ ጊዜ፣ ቀድሞ የተጫወቱትን አንጋፋ ዳንሰኞች ወደ ልምምዱ አዳራሽ ይጠራሉ። ያን ጊዜ የትናንቱና የዛሬው በአንድ መስተዋት ፊት ይቆማሉ፤ አንድ ጥያቄም አብሮ ይነሣል፤ ይኸውም፦ ይህ ሥራ የማን ነው? ቀድሞ የሠራው ነውን ወይስ አሁን የሚሠራው?

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት «የእሳት ወፍ» የተባለውን ባሌት እንመልከት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሙዚቃውን ኢጎር ስትራቪንስኪ፣ ዳንሱን ሚካኤል ፎኪን ደርሰውት፣ ሰርጌይ ዲያጊሌቭ ይመራው በነበረው የሩስያ ባሌት ጓድ በ1910 በፓሪስ ታየ። ወፊቱን ሆና የተጫወተችው ታማራ ካርሳቪና ነበረች። ከዚያ በኋላ ዲያጊሌቭ በ1929፣ ፎኪን በ1942 ሞቱ። በ1954 ዛሬ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ባሌት የሚባለው ጓድ ሥራውን ሊያድሰው ባሰበ ጊዜ፣ የዲያጊሌቭ የመድረክ ኀላፊ የነበረው ሰርጌይ ግሪጎሪየቭና ሚስቱ ሊዩቦቭ ቸርኒሼቫ እርምጃውን ከትዝታቸው እያወጡ አስተማሩ። ወፊቱን ለምትሆነው ለማርጎት ፎንቴይን ደግሞ፣ ከ44 ዓመት በፊት ወፊቱን የሆነችው ካርሳቪና ራስዋ አስጠናቻት። አስተማሪዪቱ 69 ዓመትዋ፣ ተማሪዪቱ 35 ዓመትዋ ነበር።

እንዲህ ያለው ልምምድ ለማንም ቀላል ነው ብዬ አላምንም። አንጋፋዪቱ እጅዋን አንሥታ ስታሳይ፣ እግርዋ ከእንግዲህ እንደማይታዘዝላት በሁሉ ፊት ትገልጣለች፤ በስምዋ ይጠራ የነበረውን ቦታ በገዛ እጅዋ ለሌላ ትሰጣለች። ወጣቲቱም የሌላ ሰው ጥላ ሆኜ እቀራለሁ ብላ ትሠጋለች። ስለዚህ አንደኛዋ «እኔ እንዳደረግሁት ካልሆነ አይሆንም» ለማለት፣ ሁለተኛዋም «ያንቺ ዘመን አልፏል» ለማለት ትፈተናለች። ሁለቱም አነጋገሮች ከአንድ ምንጭ የሚፈልቁ ናቸው፤ ይኸውም ሥራውን እንደ ርስት መቍጠር ነው። ባለ ርስት አጥሩን ያጥራል፤ በውስጡም እንዳሻው ያርሳል። ባለ አደራ ግን የተቀበለውን አይሸሽግም፣ እንዳሻውም አያጠፋም። አደራ በላ ስለዚህ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የቀበረ፣ ሁለተኛው የበተነ።

የተቀበለው ሰው ሳያስረክብ የቀረ እንደ ሆነ ምን እንደሚሆን ሌላው የዚያው ጓድ ሥራ ያሳየናል። ቫስላቭ ኒጂንስኪ የደረሰው «የጸደይ ሥርዓት» በ1913 በፓሪስ ታይቶ ከጥቂት ጊዜ በላይ ሳይደገም ቀረ። በ1920 ዲያጊሌቭ ሊያድሰው ቢፈልግ፣ ዳንሱን አሟልቶ የሚያስታውስ ሰው ስላልተገኘ ሌዎኒድ ማሲን ሌላ አዲስ ዳንስ ደረሰለት። ያለፈው 7 ዓመት ብቻ ነበር! ኋላ ሚሊሰንት ሆድሰን የተባለች ተመራማሪ፣ ከሥዕሎችና የኒጂንስኪ ረዳት የነበረችው ማሪ ራምበርት በሙዚቃው ወረቀት ላይ ከጻፈችው ማስታወሻ እየለቃቀመች ለብዙ ዓመት ከደከመች በኋላ፣ ጆፍሪ ባሌት በ1987 በአሜሪካ አሳየው። ከታየው ውስጥ ምን ያህሉ የኒጂንስኪ እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

«አሁንማ ፊልም አለ፤ እርምጃውን በምልክት መጻፊያ ዘዴም አለ፤ የአንጋፋዎቹ ድካም ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። እነዚህ መሣሪያዎች ታላቅ ጥቅም እንዳላቸው አልክድም። ሆኖም ፊልም አንዲት ዳንሰኛ በአንድ ምሽት ያደረገችውን፣ ስሕተትዋንም ጭምር ያሳያል እንጂ ልታደርግ የፈለገችውን አይናገርም። በ«እሳት ወፍ» ውስጥ ልዑል ኢቫን ወፊቱን በያዛት ጊዜ ክንዶችዋ ይወራጫሉ። ይህ መወራጨት የፈራች ልጃገረድ ነው ወይስ ሰው ነክቶት የማያውቅ የዱር ፍጥረት? እርምጃው ሳይዛነፍ ቢቈጠርም ምክንያቱ ከጠፋ ዳንሱ ጠፍቷል። በአገራችን የአቋቋም ትምህርት ያየ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም፤ የመቋሚያው አነሣሥና የጸናጽሉ አመታት ከመምህር ፊት ቆመው የሚማሩት ነው።

ይህን ስጽፍ ራሴን ነጻ አድርጌ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዲስ ሠራተኛ እንዳሠለጥን ታዝዤ የመዝገቡን አያያዝ ሁሉ አሳየሁት፤ ያለ ቦታው የገባ ፋይል የሚፈለግበትን ዘዴ ግን ሸሸግሁት። ምክንያቴ ሌላ አልነበረም፤ ተፈላጊ ሆኜ ለመኖር ነበር። ኋላ ታምሜ በተኛሁ ጊዜ አንዲት ባለጉዳይ ፋይልዋ ታጥቶ ሳምንቱን ሙሉ ስትመላለስ ሰነበተች። ስመለስ በሩብ ሰዓት አገኘሁት። እርስዋ መረቀችኝ፤ እኔ ግን ምርቃቱን ለመቀበል ፊት አልነበረኝም። የደበቅሁት የራሴ ገንዘብ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የእርስዋ ኖሮአል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምደርስበት አሳብ ይህ ነው። የአንጋፋው ግዴታ መልኩን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም መስጠት ነው፤ መልኩን ብቻ የሰጠ ጥላውን ያባዛል፤ ምክንያቱን የሰጠ ግን ሰው ያቆማል። የወጣቱም ግዴታ ከመለወጡ በፊት መቀበል፣ ከመናቁም በፊት «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንድ ምክንያት በሌላ ገላ ሲያልፍ መልኩ ጥቂት መለወጡ አይቀርም፤ ይህ መካድ አይደለም፣ ሕይወት ነው። ፎንቴይንም የተቀበለችውን ይዛ አልቀረችም፤ ለሞኒካ ሜሰን አስጠናች። ሜሰን ከ2002 እስከ 2012 ያንኑ ጓድ መርታለች፤ እርስዋም በተራዋ ለተከታዮችዋ አስተምራለች።

የአደራው ባለቤት ማን ነው ብንል፣ ሰጪዪቱም አይደለችም፤ ተቀባዪቱም አይደለችም፤ ነገ በአዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው፣ ገና ያልተወለደው ተመልካች ነው። እርሱ ዛሬ መጥቶ ሊጠይቀን አይችልምና በእርሱ ፈንታ ሕሊናችን ይጠይቀን።