ነጥቧ ለምን ቆመች?

ዛሬ የማነሳው አንድ ጥያቄ ነው። የአንድን ፍጡር እርምጃ ሁሉ በካሜራ ተከታትሎ የመዘገበ ሰው፣ ያንን ፍጡር አውቆታል ይባላል ወይ? አብዛኞቻችን ካሜራ ባለበት ቤት ስለምንሠራ ነገሩ የሁላችንም ነው። እኔ ግን በደንብ ያሰብኩበት በጉንዳን ምክንያት ነው፤ አትሳቁብኝ።

የምሠራላቸው ሰዎች ኑሯቸው አቡ ዳቢ ነው። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ወደ አል አይን፣ ወደ አያትየው ቤት እንሄዳለን። ግቢው ተምር የሞላበት ነው፣ መሬቱ አሸዋ። እዚያ እግራቸው ረጃጅም የሆነ፣ ሌላው ሁሉ ከፀሐይ ሲሸሽ በቀትር የሚሮጡ ጉንዳኖች አሉ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ትልቋ ልጅ ለትምህርቷ እነሱን በስልኳ ትቀርጻለች። ስልኩን ቁልቁል እንዲያይ አድርጋ ታስራለች፣ አሸዋው ላይ ማስመሪያ ታስቀምጣለች፤ እኔ ደግሞ ጥላቸው እንዳያርፍበት ትንንሾቹን አባርራለሁ። ከዚያ ቪዲዮውን ትራከር በሚባል በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር ትከፍተዋለች።

አሠራሩ እንደፈራሁት ከባድ አይደለም። ቪዲዮ ማለት በሰከንድ 30 ያህል ፎቶ ነው። ጉንዳኗን በመጀመሪያው ፎቶ ላይ አንዴ ታሳዪዋለሽ፤ ሶፍትዌሩ በሚቀጥለው ፎቶ ላይ እሷን የሚመስል ነገር ፈልጎ ነጥብ ያደርግበታል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። ነጥቦቹ ሲያያዙ መንገዷ ይወጣል። ማስመሪያው ርቀቱን ይነግረዋል፣ የፎቶዎቹ ቁጥር ጊዜውን። ርቀት ሲካፈል ለጊዜ ፍጥነት ነው። ይህን አሥረኛ ክፍል ሳልደርስ ሸምድጄው ነበር፤ ምን እንደሚሠራ ያየሁት ግን አል አይን ነው።

አንድ ቀን ነጥቦቹ አንድ ቦታ ላይ ተደራርበው አየሁ። ቆማለች ማለት ነው። "ለምን ቆመች?" አልኳት። "እሱን ሶፍትዌሩ አያውቅም። የት እንደነበረችና ምን ያህል እንደቆየች ነው የሚነግረኝ" አለችኝ።

ሌሎች ያገኙትን ግን አጫወተችኝ። እንዲህ ያሉት የበረሃ ጉንዳኖች ካታግሊፊስ ይባላሉ። ግሪክ አገር የሚኖሩትን ተመራማሪዎች በጣም ፈጣን በሆነ ካሜራ ቀረጿቸው። ጉንዳኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጉድጓዷ ስትወጣ ርቃ አትሄድም። እዚያው አካባቢ እየዞረች በየመሀሉ ባለችበት ትሽከረከራለች፣ ከሰከንድ ላነሰ ጊዜም ቆም ትላለች። ረዘም አድርጋ የምትቆመው ፊቷን ወደ ጉድጓዷ አዙራ ነው። ጉድጓዱ ደግሞ ካለችበት ሆና አይታያትም! የመመለሻ መንገዷን እያጠናች ነው። አቅጣጫውን በምን እንደምታውቅ ግን ቪዲዮው ብቻውን አልነገራቸውም። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን የመሬት ማግኔት አቅጣጫ በሽቦ ጥቅል ቀየሩባት፤ እሷም ቤቷ ወደሌለበት ተመለከተች። ሥራው በ2018 ታተመ። የአንዲት ጉንዳን ቅጽበታዊ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ይህን ያህል ተደከመ።

ከዚህ በፊት አቡ ዳቢ ውስጥ በሌላ ቤት ስሠራ ኩሽናው ውስጥ ካሜራ ነበር። ማዳም ሥራ ቦታዋ ሆና በስልኳ ታየናለች። አንድ ማታ መጥታ "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ዝም ብለሽ ቆመሻል። ለስንፍናሽ ነው የምከፍልሽ?" አለችኝ። ደቂቃው ልክ ነው፣ አልዋሸችም። የዚያን ቀን ከፎገራ እናቴን ወባ ይዟት ጤና ጣቢያ ገባች የሚል መልእክት ደርሶኝ ነበር። የቆምኩት የወሩን ደመወዝ ቀደም አድርጋ እንድትሰጠኝ እሷኑ በምን ቃል እንደምለምናት እያሰብኩ ነው።

ሌላም አለ። ሁለት ጉንዳኖች ሲነካኩ ሶፍትዌሩ ይምታታበታል፤ አንዷን ሲከተል ቆይቶ ነጥቡን በሌላዋ ላይ ይቀጥላል። ልጅቷ ይህን ስለምታውቅ መልሳ ታያለች፣ በእጇ ታርማለች። በዚያ ቤት እኔና ኬንያዊቷ ጓደኛዬ አንድ ዓይነት ዩኒፎርም ነበር የምንለብሰው። ከጀርባ ማን ማን እንደሆነች አይለይም። ሳህን ሲሰበር መልሶ የሚያይ ግን አልነበረም፤ ማዳም መጀመሪያ የመሰላት ተቆጥታ ያልፋል።

ካሜራ በራሱ ኃጢአት ነው አልልም። የሚድህ ሕፃን ለማታውቃት ሰው ትታ የምትወጣ እናት ልያቸው ብትል እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አደርገዋለሁ። ነፍስ የሚያድን ማየትም አለ። ወባን ካነሳሁ አይቀር፣ የእንግሊዝ አገሩ የሊቨርፑል የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ሰው አጎበር ውስጥ አስተኝተው የወባ ትንኞችን በጨለማ በሚያይ ካሜራ ተከታትለዋል። ትንኞቹ በብዛት የሚያንዣብቡት በአጎበሩ ጎን ሳይሆን በጣሪያው ላይ፣ ከተኛው ሰው በላይ እንደሆነ ታየ። ከዚያ ተነስተው ከጣሪያው በላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ተጨማሪ መረብ ያለው አጎበር ሠርተው ሞከሩ። እንደ ፎገራ ላለ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚያ አጎበር ውስጥ የተኛው ሰው ግን ፈቅዶ ነው የተኛው። ለምን እንደሚቀረጽ ያውቃል። ትንኟን የጠየቃት የለም፤ ለእሷም አላዝንም። እኛስ በካሜራው ፊት ከሁለቱ ማን ነን? እንደተኛው ሰው ከሆንን ካሜራው የት የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያየው፣ ለምን እንደተተከለ ሊነገረን ይገባል፤ "ለምን ቆምሽ?" ስንባልም መልሳችንን ለመስማት ይሁን። ካልሆነ ግን የሚፈለገው ነጥባችን ብቻ ነው።

"ጥፋት ከሌለብሽ ምን አስፈራሽ?" የሚሉኝ አሉ። እኔ የምደብቀው ነገር ኖሮኝ አይደለም። የሚከብደኝ ሳልጠየቅ መተርጎሜ ነው። የስድስቱን ደቂቃ ትርጉም የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ የተወሰነው ግን እኔ በሌለሁበት፣ በስልክ ላይ ነው።

ደግሞ አስቡት፣ ያው ቪዲዮ ለእኛም ሊመሰክር ይችላል። በ2022 የወጣው የዚህ አገር የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት ይላል፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጡ። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ኩሽና ውስጥ የምትቆም እህት ስንት ሰዓት እንደሠራች ከካሜራው የተሻለ ማን ያውቃል? የቆመችበትን ስድስት ደቂቃ የቆጠረ፣ የሠራችበትን አሥራ ስምንት ሰዓትም ቆጥሯል። ቅጂው ያለው ግን በአንድ ወገን ስልክ ውስጥ ነው። ሠራተኛዋም ቅጂውን መጠየቅ ትችል እንደሆነ በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ሕግ የሚያውቅ ሰው ተጠርቶ ቢያስረዳን እላለሁ። የእኔ ዕረፍት እሑድ ነው፣ ከሰዓት ከሆነ እመጣለሁ።